በማግኔታማው ተራራ ላይ

ከሮም እስከ ፒዮምቢኖ ያለውን መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። መርከቡም በአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ኤልባ ደሴት ላይ አደረሰን። ካፖሊቬሪ በምትባለው የደሴቲቱ ከተማ ያሳለፍኩት ሌሊት ግን አስመርሮኛል። ለ85 ዩሮ ያገኘሁት ክፍል መስኮቱ አይገጥምም፤ ቢምቢው እስኪነጋ አላስተኛኝም። እራት የበላሁበት ቤት ደግሞ ለመቀመጫ ብቻ 3 ዩሮ ደምሮብኛል። ጣሊያን ብዙ ዓመት ብኖርም ይህ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። እኛ ዘንድ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ «እንብላ» ይባላል እንጂ ለወንበር ሂሳብ አይጠየቅም።

ጠዋት አውቶቡስ ጠብቄ ጠብቄ ሲቀር፣ በአሮጌ ፓንዳ መኪና የሚያልፉ አንድ አዛውንት አሳፈሩኝ። በወጣትነታቸው እዚያው ካላሚታ ተራራ ላይ ብረት ሲያወጡ ኖረዋል፤ ማዕድን ማውጫው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ተራራው 413 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለእኔ ዓይነቱ ደገኛ ኮረብታ ነው፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ተቆርጦ በቀረ ገደል ሥር መኪናውን አቁመው በጣታቸው ያሳዩኝ ጀመር። ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት ከሥር ገፍቶ መጣና ገጸ ምድር ሳይደርስ ቀዝቅዞ ግራናይት ሆነ። ብረትና ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የተሸከመው ትኩስ ፈሳሽ በየስንጥቁ እየሰረገ በቦታው የነበረውን እብነ በረድ በላው፤ የእብነ በረዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ካልሲየሙ ከመጣው ሲሊካና ብረት ጋር ተዋህዶ አዲስ ማዕድን ሆነ። ስካርን የሚባለው ይህ ነው። ቡናማው ጋርኔት፣ ጥቁር አረንጓዴው ሄደንበርጋይት፣ እንደ ከሰል የጠቆረው ኢልቫይት በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰድረዋል። መዳብ ያለበት ስንጥቅ በማላካይት አረንጓዴ ተለቅልቋል። ነጩ እብነ በረድ ሳይነካ የቀረበት ቦታም አለ፤ ድንበሩ በእጅ ይዳሰሳል።

ከሁሉም የወደድኩት ማግኔታይቱን ነው፤ ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ማዕድን ማለት ነው። አዛውንቱ ጡጫ የሚያህል ስባሪ መዳፌ ላይ ሲያኖሩልኝ እጄ ወረደ፤ ከተራ ድንጋይ እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ከቁልፋቸው ጋር የታሰረችውን ትንሽ ማግኔት መሬት ላይ ሲያንከባልሏት ጥቁሩ አቧራ ፀጉር አብቅሎባት ተነሣ። ስልኬ ላይ ያለው ኮምፓስም ሰሜንን ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ ተወው። ኤትሩስካውያን የሚባሉት የጥንት የጣሊያን ሕዝቦች የኤልባን ብረት ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ፖፑሎኒያ ከተማ ወስደው ያቀልጡት ነበር። ለነዳጅ ገንዘብ ብሰጣቸው አዛውንቱ ተቆጡኝ። የሌሊቱ ንዴቴ የለቀቀኝ ያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1814 ወደዚህች ደሴት ተግዞ የመጣው ናፖሊዮን የኖረበትን ቤት ለማየት የተሰለፈውን ሰው ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ። በምትኩ አንድ የድንጋይ መሸጫ ገባሁ። መስኮቱ ላይ የተደረደረው ሐምራዊ አሜቲስት ዋጋው 12 ዩሮ ነው፤ ብገለብጠው ከሥሩ «ብራዚል» ይላል። የካላሚታ ጋርኔት እንዳላት ሻጯን ጠየቅኋት። ቡናማ ድንጋይ ማን ይገዛል አለችኝ።