የሰው ኪት ለበግ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የእንስሳት ናሙና ይመጣልናል፣ ዲኤንኤና አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚገለበጠውን ቅጂ) እናወጣለን፣ ፒሲአር (የተፈለገውን ቁራጭ በየዙሩ እያባዛ የሚያሳይ ምርመራ) እንሠራለን። የዚህ ገጠመኝ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም። እኛ ጋ መመረቂያዋን የምትሠራ የማስተርስ ተማሪ ናት። ሥራዋ የበግ ጡንቻ ውስጥ ያሉትን ማይክሮ አርኤንኤዎች፣ ማለትም ጂኖችን የሚቆጣጠሩ አጫጭር አርኤንኤዎች፣ መለካት ነው። ናሙናውን ከቄራ በበረዶ ሳጥን ይዛ ትመጣለች። የታክሲ ሰልፍ እንዳያቆያት ገና ሳይነጋ ነው ከቤቷ የምትወጣው።

ለምን በግ? ቴክሰል የሚባል፣ መነሻው ኔዘርላንድስ የሆነ በግ አለ። ጡንቻው ፈርጣማ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ማዮስታቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ ይገታል። በቴክሰል በግ ፕሮቲኑ ራሱ ምንም አልሆነም። የተለወጠችው ከፕሮቲኑ ትእዛዝ በኋላ በሚመጣው የጂኑ ክፍል ላይ ያለች አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት፤ ጂ የነበረችው ኤ ሆነች። በቃ። በዚህች ለውጥ ብቻ ሚር-1 እና ሚር-206 የሚባሉ፣ ጡንቻ ውስጥ ሞልተው የሚገኙ ማይክሮ አርኤንኤዎች የሚያርፉበት ቦታ ተፈጠረ። እነሱ ሲያርፉበት ማዮስታቲን ያንሳል፣ ጡንቻው ይፈረጥማል። ተማሪዋ ይህን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የመንዝ በግስ ጡንቻ ውስጥ ምን አለ? ጥያቄዋ ይኸው ነው፤ እኔም ወድጄላታለሁ።

ለበግ ተብሎ የተዘጋጀ ኪት (የመለኪያ ኬሚካሎች ስብስብ) ግን አልነበረንም። ማዘዝ ማለት ፕሮፎርማ፣ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ፣ ጉምሩክ ማለት ነው። ፍሪዘራችን ውስጥ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ፣ ሌት-7 የተባለውን ማይክሮ አርኤንኤ የሚለካ የሰው ኪት፣ ማለትም ለሰው ናሙና የተዘጋጀ፣ ነበር። ለመሞከሪያ በሱ ጀመረች። ውጤቱ ባዶ ሆነ። ማሽኑ ላይ ያለው መስመር እስከ 40ኛው ዙር ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሌላ በግ፣ ሌላ ናሙና፤ ያው ባዶ። የሚገርመው ከዚያው አርኤንኤ ላይ አክቲን የሚባለውን የተለመደ ጂን ስትለካ ቆንጆ አድርጎ ይነሳል።

ሁሉም ጣቱን ኪቱ ላይ ቀሰረ። «የሰው ኪት ለበግ? መጀመሪያውኑ አይሆንም ብዬ ነበር» አለ የግዢውን ነገር የሚከታተለው ባልደረባችን። አዲስ ኪት ይገዛ የሚል ደብዳቤ ሊጻፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ተማሪዋ ግን አልተዋጠላትም። ኮምፒውተሯን ከፍታ የሰውን ሌት-7 ጻፈች። ከሥሩ የበጉን። ከዚያ ሥር ደግሞ ሲ. ኤሌጋንስ የተባለችውን፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝመውን ትል ሌት-7 ደረደረች። ዩ-ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ብሎ ከሚጀምርበት እስከ ጫፉ፣ 22ቱም ፊደል ልቅም ብሎ አንድ ነው።

ይህን ነገር በወሬ ከመስማትና ስክሪን ላይ ከማየት የቱ ይበልጣል ብትሉኝ፣ ማየቱ ነው። የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ ሊን-4 ነው። የቪክተር አምብሮስና የጋሪ ረቭከን ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያሳውቁት የትሏ የራሷ ጠባይ ተደርጎ ነበር የታየው። እ.ኤ.አ. በ2000 የረቭከን ቡድን ሌት-7ን አገኘ። ቀጥሎም ዝንብ ላይ ተገኘ፣ ዓሣ ላይ ተገኘ፣ ሰው ላይ ተገኘ። ጄሊፊሽና ስፖንጅ የተባሉ የባሕር እንስሳት ውስጥ ግን ሲፈለግ ታጣ። የትሏና የእኛ የጋራ ቅድመ አያት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ነው። ያን ሁሉ ዘመን 22 ፊደል ሳይነካ መጣ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው ሲያንሳቸው ነው።

ለምን ሳይነካ ቀረ? ማይክሮ አርኤንኤ ራሱ ፕሮቲን አይሠራም። የጂኑን የፕሮቲን ትእዛዝ የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ ፕሮቲኑ እንዲቀንስ ያደርጋል። የሚለጠፈውም በተለይ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ባሉት ፊደሎቹ ነው። አንዱ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ሊቆጣጠር ይችላል። ስለዚህ ከነዚያ ፊደላት አንዷ ብትዛነፍ የሚናጋው አንድ ጂን አይደለም። አዲስ ማይክሮ አርኤንኤ መወለዱ ያን ያህል አይከብድም፤ እንደ ፀጉር መርፌ የሚታጠፍ አርኤንኤ በየጂኖሙ ሞልቷል። አብዛኞቹ ግን መጥተው ይጠፋሉ። ሥራ ይዞ የቆየውን ነው መንቀል የሚከብደው። ትሏም እኛም ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቻችን ወደ 20,000 ገደማ ናቸው። እና ልዩነታችን የት ነው ያለው? ትልቁ ክፍል ጂኖቹ መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚሠሩ በሚወስነው ቁጥጥር ላይ ነው። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝም ይኸው ነው።

አንጋፋው ቴክኒሺያናችን (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ስክሪኑን አዩና «ትልና ሰው ካልተለያዩ በግና ሰው በምን ይለያያሉ፣ ልጄ?» አሏት። «ኪቱን ተይው። ሥራሽን ከሀ ጀምረሽ አሳዪኝ።»

ጎኗ ቆሙ። ጡንቻውን ፈጨች፣ ክሎሮፎርም ጨመረች፣ አሽከረከረች፣ ከላይ የጠለለውን በፒፔት ቀዳች። 70 በመቶ ኤታኖል ጨምራ ኮለሙ (አርኤንኤ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ትንሽ ቱቦ) ላይ አፈሰሰችውና እንደገና አሽከረከረች። ከሥር የወረደውን ልትደፋ ስትል እጇን ያዟት።

«ቆይ። ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልደፋው ነው ጋሼ። መመሪያው ድፊው ነው የሚለው።»

«መመሪያውን አምጪው እስቲ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ኮለሙ በዚህ አሠራር ከ200 ፊደል በላይ የሆነውን አርኤንኤ ነው የሚይዘው። አክቲን ረጅም ስለሆነ ይያዛል። 22 ፊደል ያለው ሌት-7 ግን ከፍሳሹ ጋር ይወርዳል። ስትፈልገው የከረመችው ማጠራቀሚያ ጀሪካኑ ውስጥ ነበር።

ያንኑ ፍሳሽ ንጹሕ ኤታኖል ጨምረንበት ሌላ ኮለም ላይ አሳለፍነው። ኤታኖሉ ሲበዛ አጫጭሩም ይያዛል። በዚያው በሰው ኪት ስንለካው መስመሩ ገና በሃያዎቹ ዙሮች ላይ ቀና አለ። ተማሪዋ እልልታ ስላልቻለች ጋሼን አቀፈቻቸው።

ጋሼን እንዲያ ያስተማመናቸው የዝምድናው ነገር ይመስለኛል። ሌት-7 ከትል እስከ ሰው አንድ መሆኑ ኪቱን ከተጠርጣሪነት አወጣው። እሱ ባይታወቅ ኖሮ ኪት አዝዘን፣ ወራት ጠብቀን፣ ያንኑ ፍሳሽ እንደገና እንደፋ ነበር። ዝግመተ ለውጥ የፈተና ጥያቄ ብቻ ለሚመስላቸው ይህን እነግራቸዋለሁ።

የግዢው ደብዳቤ ቀረ። ለሚር-1 ደግሞ ከሌላ ላብራቶሪ የተረፈ የሰው ኪት አስፈቀድን። አሁንም ተማሪዋ ከመውሰዷ በፊት ፊደላቱን አመሳከረች፤ በተለይ መጨረሻ ያሉትን፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ኪት የሚይዘው በጫፉ በኩል ነው። የዝንብ ሚር-1 መነሻው ከሰው ጋር አንድ ሆኖ ጫፉ ላይ ይለያል፤ ለዝንብ ቢሆን ኖሮ ኪቱ አይሆንም ነበር። የበጉ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ገጠመላት። በማግስቱ ጠዋት ሳጥኗን ይዛ ቄራ ሄደች።