ዘጠኝ ዓመት በሠራሁት ሥራ «ገና ብቁ አይደለም» ስባል

«ገና ብቁ አይደለም» የሚለውን ወረቀት ስቀበል እሳት አደጋ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። የገበያ ቃጠሎ አጥፍቻለሁ፤ የተገለበጠ የነዳጅ ቦቴ አጠገብ አድሬያለሁ፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ከከበበው ቤት ሰው ተሸክሜ አውጥቻለሁ። የሰፈሬ ሕፃናት ስሜን አያውቁትም፣ «እሳት አደጋው» ነው የሚሉኝ። ያን ቀን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የባጃጁን ሒሳብ እንኳ ሳልከራከር ቤቴ ገባሁ።

የጣለኝ እሳት ቢሆን ባልከፋኝ። የጣለኝ ውሃ ነው፤ ያውም ጣና ዳር ቆሜ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ፀሐይ በላው። የሥራ ምዘናና የደረጃ መወሰኛው ጄኢጂ ሲመጣም ሁላችን «ደረጃዬ ስንት ሆነ?» አልን እንጂ «ሥራዬ ምንድን ነው?» ያለ አልነበረም። ስለዚህ በሥራ ብቃት ልትመዘኑ ነው ስንባል ተረኛ ክፍል ውስጥ ሻያችንን ይዘን ሳቅን። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። የሥራ መዘርዝሬ ያው የሁሉም ዓይነት ነው፤ እሳት ያጠፋል፣ ሕይወትና ንብረት ያድናል፣ በኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ተግባራት ያከናውናል። ዘጠኝ ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ አይደል?

የምዘናው ወረቀት ግን አጻጻፉ ሌላ ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ኤንኤፍፒኤ 1001 የሚሉት የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሙያ መስፈርት አላቸው፤ አሁን ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ 1010 በሚባለው ውስጥ ገብቷል። የኛም ወረቀት የዚያኑ ዓይነት አካሄድ የያዘ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን ትሠራለህ፣ በምን ዕቃ ትሠራለህ፣ ሠርተህ ስትጨርስ ምን መታየት አለበት። «ያውቃል» የሚባል ቃል ብቻውን አይቆምም። «መሰላል ያውቃል» ሳይሆን ይህን ያህል ርዝመት ያለውን መሰላል ከዚህ ያህል ሰው ጋር አንሥቶ፣ መቆሚያው መጽናቱን አረጋግጦ ይወጣል ነው። ሰነፍ የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ለካ እኔም የማላውቀው መደበቂያ ነበረኝ፤ ሹፌራችን።

ፓምፑ የሹፌሩ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። እሱ መኪናውን አቁሞ ፓምፑ ጋ ይቀራል፣ እኛ ሆዝ ይዘን እንሮጣለን፣ ውሃ ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ የጠየቅሁት ቀን የለም።

በምዘናው ዕለት መዛኙ ሐይቁ ዳር የቆመ ፓምፕ አሳየኝና «ታንከሩ አልቋል። ከሐይቁ ውሃ አምጣ» ብሎ ሰዓቱን ተጫነ። ሁለቱን መምጠጫ ሆዝ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሜትር፣ ገጣጠምኩ። ማጣሪያውን ወደ ውሃው ወረወርኩ። ሆዙን በድንጋዩ አጥር ላይ አሳልፌ ፓምፑ ላይ አሰርኩና አየር ማውጫውን አስነሣሁ። የጌጁ መርፌ ትንሽ ከፍ አለች፣ ተመለሰች። ደግሜ ሞከርኩ። ያው። በሦስተኛው አየር ማውጫው መጋል ጀመረ፤ መዛኙ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ውሃውን ወደ ላይ የሚያመጣው ማን ነው?» አለኝ።

«ፓምፑ ነዋ!»

አንገቱን ነቅንቆ ጻፈ። ኩም አልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ከሹፌራችን ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ሁላችን «ጋሼ» የምንለው ሰው። ፓምፕ ውሃ አይስብም። ፓምፑ የሚያደርገው ሆዙ ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ነው፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ሐይቁ ላይ የተጫነው አየር ነው። ባሕር ወለል ላይ ያ አየር ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ውሃ ይገፋል። ጣና ግን 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ሳሳ ስላለ በወረቀት 8.3 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ በሥራ ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሜትር ካገኘህ ተመስገን ነው። ጂቡቲ የኖረ አጎቴ ባሕር ዳር መጥቶ «ሽምብራችሁ አይበስልም እንዴ?» እያለ የሚነጫነጨው ለካ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃችን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የውጭ አገር መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ድልድይ ላይ ፓምፕ የሚያቆም ሰው ባዶ ሆዝ ይዞ ይቀራል።

የኔ ጥፋት ግን ከፍታው አልነበረም፣ አጥሩ ነው። ሆዙ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ ጉብ ብሏል፤ ጉብታው ውስጥ አየር ተቀምጦ አልወጣ አለ። መምጠጫ ሆዝ ከውሃው እስከ ፓምፑ ሳይወርድ ሳይጎብጥ ሽቅብ ብቻ መሄድ አለበት። ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም፤ ብሰማም የሹፌሩ ጉዳይ ነው ብዬ አሳልፌው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት ቀኔን ከጋሼ ጋር ሐይቁ ዳር ማሳለፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ፓምፕ እንኳ አላስነካኝም። የሆዝ መጋጠሚያ አውጥቶ «ጎሚኒውን በአውራ ጣትህ ዙረው። ዓይንህን ጨፍን» አለኝ።

«ለምን እጨፍናለሁ ጋሼ?»

«ሌሊት መብራት ይዞ የሚቆምልህ ማን ነው?»

ጨፍኜ ዞርኩት። ምንም የለም አልኩ። «ድገም» አለ። በሦስተኛው ዙር ከጎሚኒው ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጥፍሬን ነካችኝ። ያቺ ቅንጣት ትበቃለች፤ በእሷ ጎን አየር ይገባል፣ መርፌዋ ወደቀች ማለት ነው። ከዚያ ጌጅ ማንበብ አስተማረኝ፤ ትምህርቱ ሁለት ቃል ብትሆን ነው። መርፌዋ አልወጣ ካለች አየር ይገባል፣ መጋጠሚያህን ፈትሽ። መርፌዋ ከልክ በላይ ወጥታ ውሃው ከቀነሰ ደግሞ ታፍኗል፣ ማጣሪያህን ፈትሽ።

ሁለተኛው ነገር በአራተኛው ልምምድ ደረሰብን። ነፋሱ እምቦጭ ገፍቶ ዳር ላይ አከማችቶት ነበር። ውሃው መጣ፣ ደስ አለን፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሆዙ ለሰለሰ። ማጣሪያውን ስናወጣ የእምቦጩ ሥር እንደ ሴት ጸጉር ተጠምጥሞበታል። አጽድተን መለስነው፤ እንደገና ታፈነ። ጠለቅ ብናደርገው ታች ያለውን ጭቃ ሳበ።

አጠገባችን ደንገል የሚያስሩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ታንኳ የሚሠሩ። እስኪሰለቻቸው አይተውን «ልጄ፣ ለምን ታሰምጡታላችሁ? አንጠልጥሉት እንጂ» አሉኝ። አንድ እቅፍ ደንገል ሰጡን። ማጣሪያውን በገመድ ከደንገሉ ሥር አሰርነው፤ ደንገሉ ይንሳፈፋል፣ ማጣሪያው ከእምቦጩ ሥር ዝቅ፣ ከጭቃው ከፍ ብሎ መሃል ላይ ይንጠለጠላል። በውጭ አገር ፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጥ ተንሳፋፊ ማጣሪያ እንዳለ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አባባ ግን በደንገል ጨረሱት።

ማጣሪያውን የሚያለብስ ነገር ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ቤት ሄጄ የባለቤቴን የገበያ ዘንቢል አመጣሁ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ የዘንቢሉ ቀዳዳ ጠቦ ውሃውን ራሱ አነቀው። በቢላ ቀዳዳዎቹን አስፍቼ ስሞክር ሠራ። ሥሩ ዘንቢሉ ላይ ይቀራል፣ በእጅ ይጠረጋል፣ ፓምፑ አይቆምም።

ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ ተመዝኜ አለፍኩ። ስለዚያ የሚወራ ብዙ የለም፤ መዛኙ ፊርማውን አሳርፎ ሄደ።

ጭስ ውስጥ ስንገባ የምናዝለው የመተንፈሻ መሣሪያ ላይም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ስለሆነ። 6.8 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 2,000 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ 40 ሊትር ብትተነፍስ 50 ደቂቃ ነው ይባላል። ሆዝ እየጎተትኩ ደረጃ ስወጣ ስለካው ግን ፉጨቱ፣ ማለት 55 ባር ላይ «ውጣ» የሚለው፣ 27ኛው ደቂቃ ላይ ጮኸብኝ። አንድ ቀጭን ባልደረባችን 33 ደቂቃ ቆየ፤ ቁመቱና ክብደቱ ከኔ የሚበልጠው 21። አሁን የእያንዳንዳችን ደቂቃ ተረኛ ክፍል ተለጥፏል። ሁለት ሰው አብሮ ሲገባ የሚቆጠረው የአጭሩ ነው።

እዚሁ ላይ የጺም ነገር መጣ። አንድ የፈረቃ ጓደኛችን አባቱ አርፈውበት ጺሙን አሳደገ፤ እስከ አርባቸው አይላጭም። ማስክ ደግሞ ከቆዳ ጋር ካልገጠመ ጭስ ያስገባል፤ አየር ማስገቢያውን በመዳፍህ ዘግተህ ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ፊትህ ላይ መጣበቅ አለበት። የእሱ አልተጣበቀም። መስፈርቱ ስለ ሐዘን አያውቅም። ኃላፊያችን «ወይ ይላጭ ወይ ፈቃድ ይውጣ» አለ፤ ሁለቱም ነውር ነው፣ ሰው ደግሞ የለንም። ድሮ ቢሆን ኖሮ ወይ እናስላጨው ነበር ወይ ዓይናችንን ጨፍነን ጭስ ውስጥ እናስገባው ነበር፤ ሁለተኛውን እናደርገው ነበር ብዬ ነው የማስበው። አሁን ግን ሌላ መንገድ ነበር፤ ፓምፑን ይያዝ። ፓምፕ ላይ ማስክ አያስፈልግም። ሦስት ቀን ሐይቁ ዳር ወስጄ ጋሼ እንዳስተማረኝ አስተማርኩት፤ ዓይኑን አስጨፍኜ፣ ጎሚኒውን በአውራ ጣቱ አስዙሬ። «ድገም» ስለው እኔም ጋሼን መሰልኩ መሰለኝ፣ ሳቀብኝ።

አርባው ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙ የማይርቁ የእንጨትና የቆርቆሮ ሱቆች ተቃጠሉ። ጋሼ ለዓመት በዓል አገር ቤት ሄዷል፤ ፓምፑን የያዘው ጺማሙ ጓደኛችን ነው። የያዝነው 5,000 ሊትር ነው። ሁለት ሆዝ በደቂቃ አራት አራት መቶ ሊትር ሲለቅ ያ ውሃ 6 ደቂቃ ከሩብ ነው፤ ሞልቶ ለመመለስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ድሮ እዚህ ጋ ነበር ሰው ድንጋይ የሚወረውርብን፣ «ባዶ መኪና ይዛችሁ መጣችሁ» እያለ። እውነትም አላቸው።

እኔ ሆዝ ይዤ በሁለት ሱቆች መካከል ነበርኩ፤ አንዱ ነድዶ አልቋል፣ ሁለተኛው ተይዟል፣ ሦስተኛው ጨርቅ መሸጫ ነው። ከኋላዬ ፓምፑ ጋ ምን እንደሚሆን አይታየኝም። ቆርቆሮው እየተጣመመ ይጮኻል። ከዚያ እጄ ላይ ሆዙ ለሰለሰ። ያ ስሜት ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ይከብዳል፤ የያዝከው የሰው እጅ፣ እጅህ ውስጥ እንዳለ ሲዝል ማለት ነው። ታንከሩ አለቀ። በልቤ የምቆጥረው ሳይሆን የማየው ጣቶቹ ናቸው፤ ጎሚኒውን እየዞረ ያለው አውራ ጣት። ሆዙን በአጥሩ ላይ እንዳያሳልፈው፣ ደንገሉን እንዳይረሳው፤ ዘንቢሉን…

ሆዙ ሞተ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጨርቅ ቤቱ በር ላይ ቀለሙ መቅለጥ ጀምሯል። ከዚያ እጄ ውስጥ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማኝ፣ አየር ነው፣ ቀጥሎ ሆዙ ጠጠረና ሊጥለኝ ደረሰ። የመጣው ውሃ የጣና ጭቃ ይሸታል። እንደዚያ ያማረ ሽታ አላውቅም።

ሁለት ሱቅ ሄዷል። ሌሎቹ ቆመው ነጋላቸው። ጎህ ሲቀድ ፓምፑ ጋ ስደርስ ጺማሙ ጓደኛዬ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከዘንቢሉ ላይ እምቦጭ ይነቅላል። አራት ጊዜ እንደታፈነበትና አራቱንም መርፌዋን አይቶ ቀድሞ እንዳጸዳው ነገረኝ። ፊቴ ጥቁር፣ ፊቱ ነጭ ነበር።

አሁን ተረኛ ክፍል ግድግዳ ላይ በእጃችን የጻፍነው ወረቀት አለ። ስድስታችንም ስድስቱንም ሥራ በየወሩ እንዞርበታለን፤ ጋሼ ሳይቀር ማስክ ያጠልቃል፣ እያጉረመረመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ሲቆጠር ከሆዝና ከመሰላል ቀጥሎ «ዘንቢል 1፣ ደንገል 1 እስር» ተብሎ ይመዘገባል። የንብረት ክፍሉ ሰው «ይኼ በየትኛው ሞዴል ገቢ ሆነ?» ብሎ ጠይቆን መልስ አላገኘንለትም። ባለቤቴም ትጠይቃለች። ሌላ ገዝቼላታለሁ፤ እሷ ግን ያኛው ማንገቻው ይሻል ነበር ትላለች።