በአንዳሲቤ ጫካ ያገኘሁት ባለ ረጅም አንገት

ከማዳጋስካር ዋና ከተማ ከአንታናናሪቮ ተነሥቶ ወደ ቱዋማሲና ወደብ የሚወርደው መንገድ በጭነት መኪኖች የተጨናነቀ ስለሆነ፣ ወደ 140 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን አንዳሲቤ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ጊዜው የኅዳር ማብቂያ ነበር፤ በምሥራቁ የደሴቲቱ ክፍል ዝናቡ የበረታበት ወቅት። ወደ አንዳሲቤ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኢንድሪ የተባለውን ጦጣ መሰል እንስሳ፣ ትልቁን ሊሙር፣ ለማየትና ጠዋት ጠዋት ከጫካው ውስጥ የሚያሰማውን ረጅም ጩኸት ለመስማት ነው። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ሆኖም በቆየሁባቸው ሦስት ቀናት አብዛኛውን ሰዓት የወሰደብኝ ከጣቴ አንድ አንጓ ብዙም የማይበልጥ ነፍሳት ሆነ።

ያየሁት በደረስኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ካረፍኩበት ቤት ጀርባ ባለው የጫካ ዳር ነው። በአንድ ትንሽ ዛፍ ቅጠል ላይ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ ታየኝና አበባ መስሎኝ ተጠጋሁ። አበባ አልነበረም። ጀርባው እንደ ማኅተም ሰም የቀላ፣ እግሩና የቀረው አካሉ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነ ፍጥረት ነበር፤ ከትከሻው ላይ ከቀሪው ሰውነቱ የሚረዝም ቀጭን አንገት ወጥቶ፣ በመካከሉ እንደ ክንድ ታጥፎ፣ ጫፉ ላይ እጅግ ትንሽ ጭንቅላት ተሸክሟል። ሲራመድ አንገቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ ነበር። እንዲህ ያለ አካል ከዚያ በፊት በሥዕልም አይቼ አላውቅም፤ ለረጅም ጊዜም ትንፋሼን ውጬ ቆሜ አየሁት። ብሔራዊ ፓርኮች ባሉበት አካባቢ ፍጥረታትን መሰብሰብ የተከለከለ በመሆኑ ሳልነካው ከብዙ አቅጣጫ ፎቶግራፍ አነሣሁት፤ የተቀመጠበትንም ቅጠል ጭምር።

ማታ በመብራት ሥር ፎቶግራፎቹን እያጎላሁ በማስታወሻዬ ላይ ሣልኩት። እግሮቹ ስድስት መሆናቸው ነፍሳት መሆኑን ያረጋግጣል። የአንገቱና የእግሩ ቅጥነት ግን ጉንዳን ወይም ክንፍ አልባ ተርብ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አሳደረብኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ቀዩ ጀርባ ነው። በመካከሉ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ይህም ጀርባው አንድ ወጥ ሳይሆን እንደ ሁለት የመዝጊያ ሳንቃ የተገጣጠሙ ጠንካራ ሽፋኖች መሆናቸውን ያሳያል። የፊት ክንፎቹ ወደ ጠንካራ ክዳንነት ተለውጠው፣ የሚበርባቸውን ስስ የኋላ ክንፎች ከሥራቸው አጥፎ የሚይዝ ነፍሳት ጥንዚዛ ነው። በዚህ እርግጠኛ ሆንኩ። ነገር ግን ሳይንስ የመዘገባቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400 ሺህ ስለሚጠጉ፣ ጥንዚዛ ነው ማለት አንድን ሰው ለማግኘት አገሩን ብቻ እንደማወቅ ይቆጠራል።

ስለዚህ ወደ አንገቱ ተመለስኩ። ደካማውን የኢንተርኔት መስመር ታግሼ ረጅም አንገት ያላቸውን ጥንዚዛዎች ስፈልግ፣ በመጀመሪያ የወጣልኝ በቀጭኔ ስም የሚጠራ የኒው ዚላንድ ጥንዚዛ ነበር። ስሙ ከመልኩ ጋር ስለተስማማልኝ ልቀበለው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ሆኖም የኒው ዚላንዱ ቡናማና ቀጭን ሲሆን ቀይ ጀርባ የለውም። ከቀለሙ ይልቅ ያሳመነኝ ግን ሌላ ምልክት ነው፦ ዓይኑ የት ላይ ነው? የኒው ዚላንዱ ርዝመት ከዓይን በፊት ያለ ርዝመት ነው፤ ማለትም የረዘመው አፉ ነው። የእኔው ዓይኖች ግን ከጫፉ አጠገብ ናቸው፤ ርዝመቱ ያለው ከዓይን በስተኋላ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ደግሜ ደጋግሜ ሳየው፣ አንገት ያልኩት ነገር ከሁለት ክፍል የተሠራ መሆኑ ተገለጠልኝ። ከመታጠፊያው ወደ ታች ያለው የረዘመ የፊት ደረት ነው፤ የፊት እግሮቹም የበቀሉት ከእርሱ ሥር ነው። ከመታጠፊያው ወደ ላይ ያለው ደግሞ ራሱ ጭንቅላቱ ነው። አንገት የሚባል አካል በዚህ ፍጥረት ላይ ጨርሶ የለም ማለት ነው። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዓይኖቹ ፊት አጭር ሹል አፍ አለ፤ አካባቢውን የሚዳስስባቸው ቀንድ መሰል ሁለት ዳሳሾቹም ከዚያው ላይ ይነሣሉ። ይህን አፍ የት እንዳየሁት ያስታወስኩት ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በልጅነቴ እናቴ ከጎተራ የወጣ በቆሎ በሰፌድ ስታበጥር እኔ እህሉ መካከል የሚርመሰመሰውን ነቀዝ እየለቀምኩ እመለከት ነበር፤ ያ ጥቃቅን ጥቁር ተባይ ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት የሚወጣ አፍንጫ የሚመስል ነገር እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። ታዲያ ይህ ቀይ እንግዳ ከነቀዝ ጋር ዘመድ ሊሆን ይችላል? የሁለቱን ዳሳሾች አነጻጸርኩ። የጎተራው ነቀዝ ዳሳሽ እንደ ክርን የታጠፈ ሲሆን የዚህኛው ቀጥ ያለ ነው። የነቀዝን ታላቅ ነገድ ከፋፍለው ያጠኑ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ለመለያነት ይጠቀሙበታል፤ ሹል አፍ ኖሯቸው ዳሳሻቸው ካልታጠፈው ወገኖች መካከል ቅጠል ጠቅላይ ነቀዞች የሚባሉ አሉ። በዚያ መንገድ ስሄድ ስሙ ላይ ደረስኩ፦ ትራኬሎፎሩስ ጊራፋ። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን አንገት ተሸካሚ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቀጭኔ ነው። ከማዳጋስካር በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተገኘ የሚናገሩ ጽሑፎች አጋጥመውኛል፤ ስህተት ነው፤ ዝርያው በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ፎቶግራፉን ላስጎብኚዬ አሳየኋቸው። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀሉ የሚናገሩ፣ ዕድሜያቸው ከእኔ የገፋ ሰው ናቸው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የደከምኩበትን እርሳቸው በአንድ አፍታ አወቁት። ትኩረታቸውን የሳበው ግን ነፍሳቱ ሳይሆን ቅጠሉ ነበር። «ጥንዚዛውን አይፈልጉ፤ ዛፉን ይፈልጉ» አሉኝ። ከግንዱ እስከ ጫፉ እንደ ገመድ የተዘረጉ ጥልቅ ጅማቶች ያሉትን ቅጠል በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ፤ ዲካኤታንቴራ የተባለው ዛፍ ነው፤ ጥንዚዛው የሚመገበውም የሚራባውም በእርሱ ላይ ነው። እኔ ቅጠሉን ፎቶግራፍ ያነሣሁት እንዲያው በአጋጣሚ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነፍሳት ባየሁ ቁጥር የተቀመጠበትን ተክል ሳልመዘግብ አላልፍም።

ወደ ጫካው ዘልቀን ከእነዚህ ዛፎች በአንዱ ሥር ቆምን፤ በዚያም ሁለቱን ጾታዎች ጎን ለጎን አየኋቸው። የትናንቱ ወንድ ነበር። የሴቷ አንገት ከወንዱ አንገት በሁለት ወይም በሦስት እጅ ያጥራል፤ ለብቻዋ ባገኛት ኖሮ ሌላ ዝርያ ናት ብዬ መመዝገቤ አይቀርም ነበር። ወንዶቹ ረጅሙን አንገት የሚጠቀሙበት ለሴት ሲፎካከሩ እርስ በርስ ለመታገል ነው። ሴቷ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። የቅጠሉን ጅማቶች በአፏ ነክሳ አለስልሳ፣ በስድስት እግሮቿ ሁለቱን ጠርዞች እያቀራረበች አጠፈችው፤ ከዚያም ከጫፉ ጀምራ እያጠበቀች ትጠቀልለው ጀመር። በየመካከሉ ቆም ትልና የተላቀቀውን መልሳ ትጫናለች። ዝናብ ሲያካፋብን ካፖርቴን ካሜራዬ ላይ ጣል አድርጌ እኔ ራሴ እየረጠብኩ ጠበቅሁ፤ አስጎብኚዬም ኢንድሪዎቹ ከኮረብታው ማዶ መጮኽ ቢጀምሩም አላስቸኮሉኝም። በጥቅልሉ ውስጥ የምትጥለው እንቁላል አንድ ብቻ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ቤቱም ቀለቡም ያ ቅጠል ነው።

ይህን ሲነግሩኝ የእናቴን በቆሎ ድጋሚ አሰብኩ። የጎተራው ነቀዝም ፍሬውን በሹል አፏ ቀድዳ አንድ እንቁላል ታኖርበትና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ትሉም ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ለአስጎብኚዬ ይህን ባስረዳቸው ጊዜ በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቁኝ። «ነቀዝ» አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደገሙት። በእነርሱ ቋንቋ ነፍሳት ሁሉ «ቢቢኬሊ»፣ ማለትም ትንሽ አውሬ፣ እንደሚባል ነገሩኝ፤ ይህን ጥንዚዛ ግን በፈረንሳይኛው የቀጭኔ ስም ይጠሩታል። ቀጭኔ በማዳጋስካር የለም። ደሴቲቱ ከአፍሪካ ዋና ምድር ተገንጥላ መራቅ የጀመረችው ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቀጭኔ ከመፈጠሩ እጅግ ቀድሞ ነው።

ሴቷ ጥቅልሉን ከጨረሰች በኋላ ከቅጠሉ ጋር ያያያዘውን የመጨረሻ ክፍል መቁረጥ ጀመረች። ጥቅልሉ የጣት አንጓ የምታህል አረንጓዴ በርሜል መስሎ ጥቂት ተንጠለጠለ፤ ከዚያም ተላቅቆ ከእግራችን ሥር በረጠበው ቅጠል ላይ ወደቀ። አስጎብኚዬ ሰው እንዳይረግጠው በእንጨት ቀስ አድርገው ከመንገዱ ገለል አደረጉት፤ እኔም ሰዓቱንና የዛፉን ስም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።