ከሀዋሳ ሆኜ ጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ

ጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ መሥራት እንፈልጋለን የሚሉ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «ማን ይቀጥረናል?» እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ «ጀነቲክ ቶክሲኮሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አገር ውስጥ አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ አዲስ አበባ ብሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ግን ሥራው የለም ማለት አይደለም። በሌላ ስም ነው የሚወጣው፤ በሩም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ስብሰባ ላይ በሚገኝ ሰው ነው። እኔ እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መስኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንድ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ ወይም የምግብ ቅመም ዲኤንኤ ይጎዳል ወይ፣ ክሮሞዞም ይሰብራል ወይ ብሎ መመርመር ነው። አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ይህን ማለፍ አለበት። ሥራው የሚመጣው ከዚህ ግዴታ ነው።

የመስኩን መጽሐፍ ስትገልጡ መጀመሪያ የምታገኙት የኤምስ ቴስት ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው። ሂስቲዲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት የማይችል ሳልሞኔላ ትወስዳላችሁ፣ ሂስቲዲን እምብዛም በሌለበት ምግብ ላይ ታሳድጉታላችሁ፣ ኬሚካሉን ትጨምራላችሁ። ኬሚካሉ ዲኤንኤውን ከለወጠው ባክቴሪያው ሂስቲዲን የመሥራት አቅሙ ይመለሳል፣ ሳህኑ ላይ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ይበቅላል፣ ትቆጥራላችሁ። ሲወራ ቀላል ነው። ጣጣው ኤስ9 ላይ ነው። ብዙ ኬሚካል ጎጂ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ገብቶ ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ፣ ከአይጥ ጉበት የተዘጋጀ ኤስ9 የሚባል የኢንዛይም ቅይጥ አብሮ መግባት አለበት፤ እሱ ደግሞ ከውጭ በደረቅ በረዶ ተጭኖ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካለው። የጥናቴ አማካሪ «ይቅርብሽ» አሉኝ፣ ቀረብኝ።

በእጃችን የነበረው ጥሩ ማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ከማይክሮስኮፕ ብዙም የማይሻገር ዘዴ ፈለግን፤ ማይክሮኒውክለስ። ሴል ሲከፈል የተሰበረ የክሮሞዞም ቁራጭ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ክሮሞዞም ከዋናው ኒውክለስ ውጭ ትንሽ ክብ ሆኖ ይቀራል። ይህን ከጉንጭ ውስጠኛ ሴል ላይ ማየት ይቻላል፤ መርፌ የለ፣ ደም የለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከቪየና ባልደረቦቹ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የካንሰር ጆርናል ላይ ያወጣው ጥናት ነው ዓይኔን የገለጠው፤ አዘውትረው ጫት በሚቅሙ ሰዎች የአፍ ሴል ላይ ማይክሮኒውክለስ በብዙ እጥፍ በዝቶ ነው የተገኘው። የወንዶ ገነት ጫት በየቀኑ የሚራገፍበት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሳነብ፣ ይሄ መስክ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም አልኩ።

እኔ የመረጥኩት ግን ነዳጅ ቀጂዎችን ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (እንግሊዝኛው ሁለቱን ይለያል፣ የኛ አፍ አንድ አድርጎታል) ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ማደያ ለማደያ መዞር ጀመርኩ። ሰልፍ የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ሰውየውን አፉን በውኃ አጉመጥምጦ፣ በለስላሳ ጥርስ ብሩሽ ጉንጩን ከውስጥ ቀኝና ግራ መፋቅ ነው። አንዱ ቀጂ በጓንት የያዝኩትን ብሩሽ ሲያይ «እህቴ፣ ኮሮና ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለኝ። የጥርስ ብሩሽ መሆኑን ሳሳየው ሳቀና አፉን ከፈተ፤ ሌሎቹም ከኋላው ተሰለፉ። ሱፐርቫይዘሩ ናቸው ይበልጥ የፈሩት። ውጤቱ እሳቸው ላይ እንዳይመጣ።

ከዚያ ማቅለሚያው መጣ። እዚህ አገር ጊምሳ የሚባለው ማቅለሚያ የሌለበት ላብራቶሪ የለም፣ ለወባ ምርመራ ነው። ግን ጊምሳ የጉንጭ ሴል ላይ ያለውን የኬራቲን ቅንጣትም አብሮ ያቀልማል፤ ቅንጣቱ ደግሞ ቁርጥ ማይክሮኒውክለስ ይመስላል። ጥናቶች አሳይተውታል፣ በጊምሳ ሲቆጠር ቁጥሩ ያለአግባብ ያብጣል። የሚመከረው ዲኤንኤን ብቻ የሚይዘው ፎይልገን የሚባለው አቀላለም ነው። ስላይዱን (ሴሉ የተቀባበትን መስታወት) 5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ሺፍ ሪኤጀንት በሚባለው ማቅለሚያ ውስጥ ጨለማ ቦታ 60 ደቂቃ። ኒውክለሱ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከዚያ ከአንድ ሰው 2000 ሴል ትቆጥራላችሁ፣ ትንሿ ክብ ከዋናው ኒውክለስ አንድ ሦስተኛ የማትበልጥ፣ ቀለሟም ከሱ ጋር የሚመሳሰል መሆኗን እያረጋገጣችሁ። አንገት ያልቃል።

ሺፍ ሪኤጀንቱን በእጃችን ቀላቅለን ስንሠራ ቀለሙ አንድ ቀን ደማቅ፣ አንድ ቀን ደብዛዛ ይሆንብን ነበር። የሚጠየቅ ሰው ሀዋሳ ውስጥ አልነበረም። ስብሰባ የሚባለው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ አሶሲዬሽን የሚባል ማኅበር አለ፤ በኢንዱስትሪ፣ በመንግሥት ተቆጣጣሪና በዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ የሚገናኙበት ነው። በየዓመቱ ጉባኤ አለው፣ በኦንላይን መከታተል የሚቻልበት ጊዜ ነበር። ሰዓቱ ለእኛ እንዲያውም ምቹ ነው፤ እነሱ ጠዋት ሲጀምሩ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል፣ ሲጨርሱ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ሻይዬን ይዤ፣ ሞባይሌን በዳታ አገናኝቼ፣ ካሜራዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ተናጋሪ ስለ ማይክሮኒውክለስ ቆጠራ አቀረበ። ጥያቄ ሲከፈት ጻፍኩ፦ በእጅ የተሠራ ሺፍ ሪኤጀንት ከባች ባች (በተቀላቀለ ቁጥር) ሲለያይ ቆጠራዬን እንዴት ላምነው? አንዲት አንጋፋ ተመራማሪ እዚያው መለሱልኝ፤ በየባቹ አንድ የታወቀ ስላይድ አብረሽ አቅልሚ፣ ሁለተኛ ሰው ስላይዱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይቁጠርልሽ አሉኝ። በማግስቱ ኢሜይል ላክሁላቸው፣ ከስላይዶቼ ፎቶ ጋር። መለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ነገር አብዛኛው ከዚያች ኢሜይል የወጣ ነው፤ አብሮ መጻፉም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም።

ለዚህ ነው ልጆችን የምቆጣው። ትልቅ ሰው ስታገኙ «ስኮላርሺፕ አለ?» አትበሉ። ሁሉም የሚለው ነው፣ መልሱም «ዌብሳይታችንን እዩ» ነው። ከራሳችሁ ጠረጴዛ የወጣ፣ እጃችሁ ላይ የተበላሸ ነገር ጠይቁ። ሳይንቲስት የሚባል ፍጥረት የተበላሸ ሙከራ ሲነገረው ዝም ማለት አይችልም።

የምከታተላቸውን የመስኩን ማኅበራት ልንገራችሁ። ኢንቫይሮመንታል ሙታጀኔሲስ ኤንድ ጂኖሚክስ ሶሳይቲ በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ለተማሪና ለጀማሪ ተመራማሪ የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል። አውሮፓና እንግሊዝ የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። አፍሪካም አላት፣ ፓን አፍሪካን ኢንቫይሮመንታል ሙታጅን ሶሳይቲ ይባላል፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ሁሉም የሚገናኙበት ትልቁ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በየአራት ዓመቱ ገደማ ነው፣ የ2022ቱ ኦታዋ ነበር። ዓለም አቀፉ የቶክሲኮሎጂ ማኅበራት ኅብረት ደግሞ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ብሎ ለይቶ የሚያዘጋጀው ጉባኤ አለው፣ ከእንዲህ ዓይነት አገር ለሚመጣ ሰውም የጉዞ ድጋፍ ያደርጋል። አብስትራክት (የጥናቱን አጭር መግለጫ) የሚቀበሉት ከወራት በፊት ስለሆነ የጉባኤውን ቀን ሳይሆን የአብስትራክቱን ማብቂያ ካላንደር ላይ ጻፉ።

ቪዛ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ አብስትራክቴ ተቀባይነት አገኘ፣ ድጋፉም ተፈቀደ፣ ኤምባሲው ግን ከለከለኝ። ምክንያቱ ቅጽ ላይ የተለጠፈ አንድ መስመር ነው። ፖስተሬን ሌላ ሰው አትሞ ሰቀለልኝ፣ እኔ በዋትስአፕ ቪዲዮ ስልኩ ውስጥ ሆኜ አስረዳሁ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። አያምርም። ግን ስልኩን አልፈው የማይሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ አሁንም ይጽፍልኛል። ከዚያ ወዲህ ሳመለክት ካልተሳካ በርቀት ማቅረብ ይቻል እንደሆነ አስቀድሜ አስጽፋለሁ።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ቫልሳርታን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ ናይትሮሳሚን (ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ የኬሚካል ዓይነት) ተገኘና በብዙ አገር ከገበያ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የመድኃኒት አምራች ሁሉ ምርቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቆሻሻ ኬሚካል እንዲፈትሽ ግፊቱ በረታ። የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችና አምራቾች በጋራ ያወጡት አይሲኤች ኤም7 የሚባለው መመሪያ የሚለው ይህን ነው፦ የላብራቶሪ መረጃ ከሌለ ሁለት ዓይነት የኮምፒውተር ትንበያ ሥሩ፣ አንዱ በባለሙያ ሕግ ላይ የተመሠረተ፣ አንዱ በስታቲስቲክስ ላይ። ላፕቶፕ ነው የሚፈልገው። ፍሪዘር የለ፣ ጉምሩክ የለ! ቶክስትሪ፣ ቬጋ፣ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ኪውሳር ቱልቦክስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ የሚገዙት የእንግሊዙ ላሳ ሊሚትድ የሚያወጣቸውን ዴሬክና ሳራን ነው፣ ግን ልምምዱ በነፃዎቹ ይሆናል። ሞለኪውሉን በአንድ መስመር ፊደል ትጽፉለታላችሁ፣ ፕሮግራሙ ዲኤንኤ ሊጎዳ የሚችል ክፍል ካገኘበት፣ አሮማቲክ አሚን አለው፣ ኢፖክሳይድ አለው ብሎ ይነግራችኋል። ሁለቱ ፕሮግራሞች ከተስማሙ ጥሩ። ሲጣሉ ነው ሰው የሚያስፈልገው፤ ለኔም የሚከፈለኝ ሲጣሉ ነው። ቁጭ ብዬ ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን የኤምስ ውጤት አስሳለሁ፣ ለምን አንደኛውን እንዳመንኩ ሁለት ገጽ እጽፋለሁ። ዲኤንኤ ይጎዳል ለሚባል ቆሻሻ አጠቃላይ ገደቡ ለዕድሜ ልክ በቀን 1.5 ማይክሮግራም ነው፤ ናይትሮሳሚንና አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) መሰሎቹ ግን ከዚህ ገደብ ውጭ ናቸው፣ እነሱ ለብቻቸው ይታያሉ። ይህን በኮንትራት ነው የምሠራው፣ ማስተማሩን ሳልተው።

ስለዚህ ሥራ ስትፈልጉ «ሬጉላቶሪ አፌርስ» (የቁጥጥር ጉዳዮች)፣ «የደኅንነት ግምገማ»፣ «ዶሴ ገምጋሚ» (ዶሴ ለምዝገባ የሚቀርበው ሰነድ ነው)፣ «ኖንክሊኒካል» (ሰው ላይ ያልተሠራ ጥናት) የሚሉትን ፈልጉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዶሴ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። የፀረ ተባይ ምዝገባ ዶሴ ውስጥ የጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ ክፍል አለ፤ ብዙ ገምጋሚ በፍጥነት የሚያልፈው ክፍል ነው፣ እሱን የሚችል ሰው ይለያል። አፍላቶክሲን የሚለኩ የምግብ ላብራቶሪዎች አሉ። የባህል መድኃኒት የሚያጠኑ ቡድኖችም አይጥ ላይ ማይክሮኒውክለስ የሚሠራላቸው ሰው ቢያገኙ ደስታቸው ነው፤ እሱ የአጥንት መቅኔና ማይክሮስኮፕ ነው የሚጠይቀው፣ ብቻ የኦኢሲዲ መመሪያ ከአንድ አይጥ ቢያንስ 4000 ሴል እንዲቆጠር ስለሚል ትዕግሥት ይኑራችሁ።

ለምዝገባ የሚሆን ሙከራ እዚሁ ሠርተን ለዓለም እንሸጣለን የሚል ሕልም ግን ለጊዜው አይሠራም። እንዲህ ያለ መረጃ ጂኤልፒ ከሚባለው የላብራቶሪ መልካም አሠራር ሥርዓት ሥር ካልወጣ አይቀበሉትም፤ አንዱ አገር የሌላውን መረጃ በሚቀበልበት የኦኢሲዲ ስምምነት ውስጥ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አለች፣ ከእስያ ሕንድ አለች። ላብራቶሪ ውስጥ በእጁ መሥራት የሚወድ ሰው ፊቱን ወደ ሕንድ ቢያዞር አልስቅበትም፤ እዚያ የኮንትራት ላብራቶሪ ሞልቷል። ሴቶች ደግሞ ኦደብልዩኤስዲ (የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት) የሚሰጠውን የዶክትሬት ፌሎውሺፕ እዩት፤ ትምህርቱ በሌላ ታዳጊ አገር ነው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝ ክፍያውን ነው። የአባልነትና የመመዝገቢያ ክፍያ በዶላር ነው፣ የኛ ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኔ መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ እጽፋለሁ፦ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ ክፍያው ሊቀነስልኝ ወይም ሊቀርልኝ ይችላል ወይ? ሦስት መስመር ይበቃል፣ ልመና አይመስልም፣ እዚያ የተለመደ ነው። እምቢ ካሉ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍላል፣ በብር እናወራርዳለን። ጆርናሉን ግን ማንም እንዳትለምኑ፤ ኢትዮጵያ ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ብዙውን በነፃ ታገኛለች፣ የይለፍ ቃሉ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ ነው የሚገኘው። ላይብረሪው አላውቅም ካላችሁ ሌላ ሠራተኛ ጠይቁ፤ አንዱ ያውቀዋል።