አራተኛው ቀዳዳ

የደብረ ብርሃን ነፋስ የእናቴን ወፍጮ ቤት በር እንዳይዘጋው የሚይዘው ጡጫ የሚያክል የብረት ቁራጭ ነው። እህል ተሸክሞ የሚገባው ሰው ሁሉ በእግሩ ገፋ አድርጎት ያልፋል። እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ከወፍጮው መቀመጫ ላይ የገነጠልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው የናፍጣው ወጪ ከገቢው ጋር ሲተካከል ነው። የድሮውን ሞተር አንስተን ባለ 11 ኪሎዋት፣ ማለትም ባለ 15 የፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛን። ባለሦስት ፌዝ መስመር ለማስገባት የተመላለስኩባቸውን ወራት አልተርክም፤ ፌዝ የሚለው ስም አለምክንያት አልወጣለትም። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ተቆጣጣሪ ግን አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ፦ «ሞተሩ በአራት ብሎን ካልታሰረ ቆጣሪ አይገባም።» ምን ላይ እንደሚታሰር አልጠየቀም። እኔም አላሰብኩበትም።

ሞተሩ የሚያርፍበት የወፍጮው መቀመጫ ጊዛ ነው። ጊዛ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት ሲሆን ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን አለው። በዚህ ዓይነቱ ጊዛ ውስጥ አብዛኛው ካርቦን እንደ እርሳስ የሚያጠቁር ግራፋይት ሆኖ፣ በስሱ እየተነጣጠፈ በብረቱ መሀል ይቀመጣል። ከላይ ሲጫኑት ከባድ ሸክም ይችላል፤ ሲጎትቱት ወይም ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሲበሱት ደግሞ የተጠማዘዘ ፍቅፋቂ ሳይሆን ጥቁር ዱቄት ነው የሚወጣው።

ሦስቱ ቀዳዳዎች ያለችግር ወጡ። የሞተሩ እግር ቀዳዳዎች ርቀት በአንድ በኩል 254፣ በሌላው 210 ሚሊሜትር ነው፤ በካርቶን ገልብጬ ወደ መቀመጫው አሻገርኳቸው። በነጥብ መምቻ ለስለስ አድርጌ መታሁ፣ በ5 ሚሊሜትር ፑንታ፣ ማለትም በመሰርሰሪያው መብሻ ዘንግ፣ ጀመርኩ፣ በ9 አሰፋሁ፣ በ14 ጨረስኩ። መሰርሰሪያው በዝግተኛው ማርሽ ነበር፤ ለ14 ፑንታ በደቂቃ 500 ዙር ገደማ ይበቃል። መሰርሰሪያችሁ ግድግዳም የሚበሳ ከሆነ የመዶሻ ምቱን ማጥፋት እንዳትረሱ። ዓይንና አፍንጫ ይሸፈን፣ እጅ ግን ባዶ ይሁን፤ ፑንታ ጓንት ከያዘ ጣትም ይከተላል። ዱቄቱን በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉት። ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ ብታዞሩበት አብዛኛው ይለቀማል፤ በተለይ ሰው የሚበላው ዱቄት በሚፈጭበት ቤት።

አራተኛው ማዕዘን ላይ መቀመጫው ይጠብባል። ምልክቱ ያረፈው ከጠርዙ 13 ሚሊሜትር ላይ ነበር። ባለ 14 ቀዳዳ ከዚያ ላይ ሲወጣ በጠርዙ በኩል የሚተርፈው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሂሳቡ የሕፃን ሂሳብ ነው፤ ሠርቼዋለሁም። ዛሬ ብጠየቅ ከቀዳዳው መሀል እስከ ጠርዝ የቀዳዳው ስፋት ሁለት እጥፍ ከሌለ አትንኩት እላለሁ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ላይ የነበረው «አራት ብሎን» የሚለው ድምፅ ነው።

ፑንታው ጥቂት ገብቶ ያፏጭ ጀመር። ጊዛ ጠርዙ ላይ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አንዳንዴ ነጭና ድርቅ ያለ፣ ሞረድ እንኳን የሚያንሸራትት ሽፋን ይይዛል። ይህን አላወቅሁም፤ ዘይት የጠማው መሰለኝና የሞተር ዘይት አፈሰስኩበት። ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሥራ የጨረሱ አንድ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጊዛ በዘይት? ሊጥ ልታቦካ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግራፋይቱ ራሱ ስለሚያለሰልስ ጊዛ በደረቁ ነው የሚበሳው። ዘይትና ዱቄቱ ሲቀላቀሉ ቀዳዳውን የሚሞላ፣ የፑንታውንም ስለት የሚበላ ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ። ሰው ፊት መታረም አልወደድኩም። «ይሁን ጋሼ» ብዬ ቀጠልኩ። ያን ጊዜ መሰርሰሪያውን አጥፍቼ ቡና ብጋብዛቸው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር።

አዲስ ፑንታ አስገባሁና በደረቴ ተጫንኩ። መጫኑ በራሱ ስህተት አይደለም። የመሰርሰሪያው መመሪያ ቀስ ብለው ይጫኑ ይላል፤ ለጊዛ አልስማማም። ሳይቆርጥ የሚሽከረከር ፑንታ ራሱን ነው የሚያደነዝዘው። ግፊቱ መላላት ያለበት ጫፉ ወደ ታች ሊወጣ ሲል ነው። ለሦስቱ ከሥር እንጨት ደግፌ ነበር፤ እዚህ ግን ከታች የመቀመጫው አጥንት ስለሚያልፍ እንጨቱ አልገባ አለና ተውኩት። ጫፉ ብቅ ሲል ስለቱ ብረቱን ነከሰ፣ መሰርሰሪያው አንጓዬን ጠመዘዘ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጮክ ያለ እንኳን አልነበረም። ማዕዘኑ እግሬ ሥር ወደቀ።

እናቴ ወጥታ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ በያጅ ጠራሁ። ጊዛ መሆኑን ነገርኩት፤ «ብረት ብረት ነው» አለኝና በተራ ኤሌክትሮድ በየደው። ጊዛ የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ ሲጀመር መሞቅ፣ ሲያልቅም አመድ ውስጥ ተቀብሮ በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። ብየዳው ሲታይ ያምራል። ከመቀዝቀዙ በፊት ከፈልኩት። ሰውዬው መንገዱን ከታጠፈ በኋላ ጣ የሚል ድምፅ መጣ፤ ማዕዘኑ እንደገና ወደቀ፣ አንድ ስንጥቅም ወደ ሦስተኛው ቀዳዳ ጣት ያህል ሄደ። የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም፤ ያ ስንጥቅ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሼ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መጥተው መጀመሪያ ስንጥቁ ያለቀበት ጫፍ ላይ በ5 ፑንታ አንድ ቀዳዳ አስበሱኝ፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ሲደርስ ሹል ጫፉን ስለሚያጣ ይቆማል። ቀጥለው የድሮው ሞተር የታሰረባቸውን አራት ቀዳዳዎች በጣታቸው ጠቆሙኝ። ደህና ናቸው፣ ሰፊ ናቸው፣ ከጠርዝም ሩቅ ናቸው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የብረት ሳህን በእነሱ ላይ አሰርን፤ ሞተሩን ደግሞ ሳህኑ ላይ። ተራው ብረት ዘይቱን እየጠጣ እንደ ቅቤ ተበሳ። ግማሽ ቀን አልፈጀም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በሳህኑ ላይ የሞተሩን ቀዳዳዎች ረዘም አድርገን አወጣናቸው፣ ሞተሩ ወደ ኋላ እየተሳበ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እንዲወጠር። የእኔ ክብ ቀዳዳዎች አራቱም ቢሳኩ ኖሮ ሞተሩ ካለበት አይነቃነቅም ነበር፤ ቺንጋው በላላ ቁጥር ምን ላደርግ ነበር? ያን ሁሉ ቀን የበሳሁት ለምንም የማይሆን ነገር ነው። ጊዛ ልትበሱ ከሆነ ሳህን ጣል ማድረግ የማትችሉበትን ምክንያት መጀመሪያ ንገሩኝ።

ተቆጣጣሪው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። የመሬት ሽቦውን አየ፣ የቺንጋውን መከላከያ ነካ ነካ አደረገ፣ ፈረመ። ወደ ብሎኖቹ አላጎነበሰም።