«አረጋግጥ» ተነክቶ «ሰርዝ» የሚታዘዝ ገጽ

አንድ የግብይት ድረ ገጽ ላይ ተመሳሳይ አቤቱታ ተደጋገመ፦ «አረጋግጥ የሚለውን ነክቼ ትዕዛዜ ተሰረዘ»። ቡድኑ መጀመሪያ የጠረጠረው ሰርቨሩን ነበር። ሎጉ (ሰርቨሩ የደረሱትን ጥያቄዎች የሚመዘግብበት ፋይል) ሲታይ ግን የደረሰው የስረዛ ጥያቄ ነው፤ ሰርቨሩ የታዘዘውን ፈጽሟል። ዴቨሎፐሮቹ በየኮምፒውተራቸው ሲሞክሩት ደግሞ ምንም ችግር የለም።

ጉዱ የታየው በክሮም የዴቨሎፐር መሣሪያ፣ ኔትወርክ በሚለው ክፍል ካሹ (ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠው የገጹ ቅጂ) ተዘግቶ ፍጥነቱ ወደ 3ጂ ሲወርድ ነው። በተኖቹ ይታያሉ፤ ቆየት ብሎ በጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) የሚጠራ ባነር ከላይ ይገባና ገጹን ሁሉ ወደ ታች ይገፋዋል። የባነሩ ቁመት 56 ፒክስል ነው። «ሰርዝ» ከላይ፣ «አረጋግጥ» ከሥር ነው የተቀመጡት፤ የእያንዳንዱ በተን ቁመት 48 ፒክስል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 8 ፒክስል። ድምሩ 56! ገጹ በተገፋበት ቅጽበት «ሰርዝ» መጥቶ ልክ «አረጋግጥ» የነበረበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ጣቱን አስቀድሞ የሰነዘረ ሰው ሊመልሰው አይችልም።

ለባነሩ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክና አቀማመጥ በሚወስነው ኮድ) 56 ፒክስል ዝቅተኛ ቁመት አስቀድሞ መያዝ አንድ መፍትሔ ነው፤ ሁልጊዜ ለሚመጣ ባነር ይበቃል። ይኼኛው ግን አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ ስለነበር፣ በማይኖርበት ጊዜ ባዶ ቦታ ይተዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ራሱ ባነሩን ከኤችቲኤምኤሉ (የገጹን ይዘት ከያዘው ኮድ) ጋር አብሮ እንዲልከው ተደረገ። «ሰርዝ»ም ከ«አረጋግጥ» ርቆ ወደ ታች ወረደ፤ ሲነካም ማረጋገጫ ይጠይቃል። በእርግጥ ይህ ከመጀመሪያውም መደረግ ነበረበት፤ የማይመለስ ነገር የሚፈጽም በተን ከዋናው በተን ጎን መለጠፍ የለበትም።

ምስሎቹም ገጹን ይገፉ ነበር። በኤችቲኤምኤሉ ላይ ስፋትና ቁመታቸው፣ ለምሳሌ 800 እና 450፣ ከተጻፈ ብራውዘሩ ምስሉ ሳይደርስ መጠኑን አስልቶ ቦታውን ይይዛል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ በሲኤስኤስ ከፍተኛውን ስፋት 100 ፐርሰንት ያደርጉና ቁመቱን ኦቶ (ከስፋቱ ጋር ተመጣጥኖ ራሱ የሚስተካከል) ማድረግ ይረሳሉ፤ ያኔ ጠባብ ስክሪን ላይ ምስሉ ወደ ላይ ተለጥጦ ይበላሻል። ፎንትም ዘግይቶ ሲደርስ መስመሮችን ያንቀሳቅሳል፤ ለጊዜያዊው ፎንት ሳይዝ አጀስት በተባለው የሲኤስኤስ ቅንብር መጠኑን ከዋናው ጋር ማቀራረብ ይረዳል።

የዚህ መንቀሳቀስ መለኪያ ሲኤልኤስ ይባላል፤ 0.1 እና ከዚያ በታች ጥሩ፣ ከ0.25 በላይ ደካማ ነው። በላይትሃውስ (የጉግል የገጽ መፈተሻ መሣሪያ) ብቻ መተማመን ግን አይበጅም። በተለመደው አሠራሩ የሚለካው ገጹ ሲከፈት ያለውን ነው፤ ሰው ወደ ታች ሲያወርድ የሚፈጠረውን መገፋት አያየውም። ስለዚህ ከእውነተኛ ተጠቃሚዎች ስልክ የሚሰበሰበውን ቁጥር፣ ሞባይልና ኮምፒውተር ለየብቻ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።