ከቀሚሱ በፊት ዓመቱ

የድሮ የእንግሊዝ ልብወለድ ወደ ፊልም ሲቀየር ልብስ ሰፊውን «የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚስ ስፋልኝ» ማለት ምንም አለማዘዝ ነው። የብሪታንያ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ገዝታለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሴቶች ቀሚስ ቅርጹን ደጋግሞ ቀይሯል። በ1840ዎቹ ቀሚሱን የሚነፋው የተደራረበ የውስጥ ጉርድ ነበር። በ1850ዎቹ አጋማሽ ክሪኖሊን፣ ማለትም ቀሚሱን ከሥር የሚነፋው ባለብረት ቀለበት የውስጥ ልብስ መጣ፤ በ1870ዎቹ የቀሚሱ ፊት ለፊት ጠፍጠፍ ብሎ ስፋቱ ወደ ኋላ ዞረ፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተራው የእጅጌ ሆነና ትከሻው ላይ አበጠ።

ስለዚህ ስክሪፕት ጸሐፊውና የልብስ ዲዛይነሩ መጀመሪያ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓመት ይወስኑ። የታተመበትን ዓመት ማየት ያሳስታል። የጆርጅ ኤልየት ልብወለድ «ሚድልማርች» የወጣው በ1871 እና 1872 ነው፤ ታሪኩ ግን ከ1829 እስከ 1832 ያለውን ጊዜ ይይዛል። ያኔ ቪክቶሪያ ገና አልነገሠችም!

የስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ከ800 ገጽ መጽሐፍ አብዛኛው ይወድቃል። ከሚወድቀው ውስጥ መጀመሪያ የዓመታት ዝላዮችን ፈልጉ። ታሪኩ በመሃል አሥር ዓመት ከዘለለ፣ ተዋንያኑን በሙሉ እንደ አዲስ ማልበስ ነው፤ በጀቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ስፌቱ ከውስጥ ይጀምራል። ልክ የሚወሰደው ተዋናይቷ ኮርሴቱን፣ ማለትም ወገብ አጥብቆ የሚያስረውን የውስጥ ልብስ፣ ከለበሰች በኋላ ነው፤ ያለዚያ ደረቱ ይጨማደዳል፣ ወገቡም ቦታውን ይስታል። ቅደም ተከተሉ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ካልሲና ጫማ፣ ኮርሴት፣ ክሪኖሊን፣ ከላዩ ጉርድ፣ በመጨረሻ ቀሚስ ነው። ጫማው የሚቀድመው ኮርሴት ከታሰረ በኋላ ማጎንበስ ስለሚያስቸግር ነው። ከክሪኖሊኑ በላይ ያለውን ጉርድ ለመቆጠብ ብሎ የሚተወው ብዙ ነው፤ ካሜራው ግን የቀለበቶቹን መስመር አንድ በአንድ ያወጣዋል። መቀመጥም ልምምድ ይፈልጋል፤ የክሪኖሊኑን ኋላ ከፍ ሳያደርጉ ከተቀመጡ የፊት ለፊቱ ወደ ላይ ይነሣል። የቀረጻ ቦታ ሲመረጥ የበሩንና የሠረገላውን ስፋት መለካት አይረሳ።

ዚፕ በዚያ ዘመን የለም። ለፈጣን ልብስ ቅያሪ ከመንጠቆዎቹ ሥር ቢደበቅ ግን እኔ አልቃወምም፤ ጀርባዋ በቅርብ እስካልተቀረጸ ድረስ ማን ያየዋል?

ቀለም ላይም ዓመቱ ይመለሳል። ዊልያም ፐርኪን ሞቭ የተባለውን ሐምራዊ ማቅለሚያ ያገኘው በ1856 ነው፤ ከዚያ በፊት በሚፈጸም ታሪክ ውስጥ የፋብሪካ ደማቅ ሐምራዊ አይገባም። ታፌታ ሐር ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የድምፅ ባለሙያውን አማክሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ይንሿሿል፤ ደረት ላይ የተደበቀው ማይክ ከንግግሩ ጋር አብሮ ይቀዳዋል።